ለአባዬ፣ ስለ ገዛሁት ሌንስና ስለ ጌቱ

አባዬ፣

እንደ ደብዳቤ ደንብ ስለ ጤናህ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አንተ ግን ከዚያ ክፉ ሳል ተገላግለሃል፣ አሁን የምንጠየቀው እኛ ነን። ከተለያየን ድፍን ዓመት ሆነ። ትናንት ሙት ዓመትህን አሰብን። ዛሬ ጠዋት ሰዎቹ ድንኳኑን ሲያፈርሱ እኔ ባኬ ጃማ ሰፈር ወርጄ ፎቶ ቤትህን ከፈትኩና አንተ ሰው ታስቀምጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ ይሄን እጽፍልሃለሁ። ከመንገዱ ማዶ የጌቱ ፎቶ ቤት ይታየኛል። ዛሬ አልከፈተም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ፣ ከዚያ ወደ ነገሬ እገባለሁ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ግን ዳገቱን እምቢ ስላላት ገበያ የምትወርደው በባጃጅ ነው፣ ከባለ ባጃጁ ጋር እየተጨቃጨቀች። አሁንም አንተን ልትጠራ አፏን ትከፍትና መሀል ላይ ወደ እኔ ስም ትቀይረዋለች። የሚያፈሰውን የጣሪያ ጥግ አስጠገንኩት፤ ስንት ክረምት ከሥሩ ያስቀመጥከው ባልዲ ጡረታ ወጣ። እኔ ቢላ ከተማ የነበረኝን የመምህርነት ሥራ ለቅቄ መጥቻለሁ። ብታኮርፍም ሰምቼሃለሁ፤ ግን የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ለሰው መስጠት አልቻልኩም።

ነገሬ ደግሞ በቀል ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያልክ ያሳደግከኝን አልረሳሁትም። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ቂሜን ይዤ ቅዳሴ አስቀድሻለሁ፣ ሻማህንም ቂሜን ይዤ አብርቻለሁ። እግዜር ይቀየመኝ እንደሆነ ለብቻችን እንነጋገርበታለን።

የቀብርህን ሰሞን አንተ አላየኸውምና ልንገርህ። ቤታችን የሰው ፎቶ ሞልቷል፤ የአንተ ግን የለም። ዕድሜህን ሙሉ ከካሜራው ኋላ ነበርክ። የነቀምቴን ሙሽራ፣ የነቀምቴን ተመራቂ፣ ክርስትና የተነሳውን ሁሉ አንስተሃል፤ አንተን ያነሳህ ሰው አልነበረም፣ ወይም እንደዚያ መስሎን ነበር። ያገኘነው የመታወቂያህን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ማኅተሙ ግንባርህ ላይ ያረፈበት። ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል፣ አልቃሽ ከፍ አድርጋ ይዛው የምታለቅስበት ፎቶ ከየት እናምጣ ብለን ስንተያይ ጌቱ መጣ።

ጌቱን ለአንተ ማስተዋወቅ አይገባኝም። ከዲጋ መጥቶ ወለልህን በመጥረግ የጀመረ፣ ፊልም መጫን ያስተማርከው፣ ከገበታችን አብሮን የበላ፣ ኋላም ሥራውን ሲችል ከመንገዱ ማዶ፣ ትክክል በአንተ በር ፊት ለፊት የራሱን ፎቶ ቤት የከፈተ ጌቱ ነው። ያኔ እማዬ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ስትለው አንተ ተቆጥተሃት ነበር። ይሥራ፣ ከተማው ለሁለታችን ይበቃል አልካት። እንግዲህ ያ ጌቱ ቤታችን ገብቶ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ «የጋሼን ፎቶ ለእኔ ተዉት» አለ። እኛም መረቅነው።

በማግስቱ ትልቅ ፍሬም አቅፎ መጣ። ያወጣህ ከአንድ የሰርግ ፎቶ ላይ ነው፤ አንተ ከሚዜዎቹ ጫፍ ቆመህ፣ እሱ በሰፊው ሌንስ ሁሉንም ሰው ለመጨመር ሲታገል የተነሳ። በሰፊ ሌንስ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ፊቱ ወደ ውጭ ይጎተታል። ጉንጭህ እንደ ሊጥ ተለጥጦ፣ አንዱ ዓይንህ ከሌላው ሰፍቶ፣ አፍንጫህ ወደ ጎን ሄዶ ነበር። ከሥር የተወለድክበትና ያረፍክበት ዘመን በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ከዚያ ሥር «ጌቱ ዲጂታል ፎቶ» በትልቁ፣ ከነስልክ ቁጥሩ። ሰው የአንተን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ የጌቱን ስልክ ይዞ ሄደ።

ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ እህትህ እትዬ ሙሉ ከቢላ ደረሰች። መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ የመጣች ሴት እንደ ወጉ ፍሬሙን አንስታ ወደ ላይ ከፍ አደረገችና «ወንድም ዓለም» ብላ ጀመረች። ከዚያ ፎቶውን አየችው። ድምጿ ተቋረጠ። «ኩን ኤኙ?» አለች፤ ቢላ ከገባች ወዲህ ሲደነግጣት የሚቀድማት ኦሮምኛው ነው። «ይሄ ማነው?» ብላ እንደገና በአማርኛ ጠየቀችን። ፍሬሙን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችውና ጋቢህን አቅፋ አለቀሰች።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ መንገዱን ተሻግሬ ጌቱን ጠየቅኩት። ሌላ ፎቶ አጥተህ ነው ወይ? ቢያንስ አታስተካክለውም ነበር ወይ? ሥራውን ሳያቆም፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ «ሰናይት፣ ምን ታካብጃለሽ? ሰው ሲያለቅስ ፊት አይለይም» አለኝ።

በቃ፣ እዚያች ላይ ነው። ከዚያ በፊት አዝኜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተናደድኩ። ንዴት ከሐዘን ይሻላል አባዬ፤ ጠዋት ከአልጋ ያስነሳል።

ሐውልትህን የሠራው ድንጋይ ጠራቢ ለፎቶ የሚሆን እንቁላል የመሰለ ቦታ ትቶ ነበርና ፎቶ አምጪ አለኝ። ያንን የተለጠጠ ፊት ለዘላለም ድንጋይ ላይ አልለጥፍም ብዬ መለስኩት። እማዬ ሰው ምን ይላል እያለች አለቀሰች። እኔ ግን ለራሴ ማልኩ፦ ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ፊትህን አገኛለሁ፣ ጌቱም ከፊቱ ቆሞ ያየዋል። ከየት እንደማገኘው አላውቅም ነበር። ሐውልትህ ፊት አልባ ሆኖ ክረምቱን ተመታ።

ሌላ ሰው ለበቀል ምን እንደሚገዛ አላውቅም። እኔ ሌንስ ገዛሁ። ያንተን ፊት እስካገኝ ድረስ የከተማውን ፊት ከጌቱ ልቀማው አሰብኩ። እሱ ሰርግና ድሮን ይዟል፤ ፊት ላይ ግን ሰነፍ ነው። ሁሉንም በአንድ ሰፊ ሌንስ፣ አፍንጫቸው ድረስ ተጠግቶ ነው የሚያነሳው። የአንተን አሮጌ ሰማንያ አምስት ሚሊሜትር ሌንስ ከሳጥኑ አወጣሁት። አንተ ታመህ ቤቱ በተዘጋበት ክረምት እርጥበቱ ገብቶበት መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ የሸረሪት ድር ሠርቷል። የወለጋ ዝናብ የማይገባበት የለም። አበስኩት፣ ፀሐይ አሞቅኩት፣ ሻጋታው ግን ከውስጥ ነው። አለቀስኩለት ብልህ ትስቃለህ።

አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። ከዚህ ወንበር እስከ በሩ ደፍ ድረስ ሲባጎ ዘርግቼ ቆረጥኩና ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅልዬ ያዝኩ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሌንስ መምረጥ ማለት ይህን ርቀት መምረጥ ነው። አዲስ አበባ የገባሁበት ሱቅ ሻጭ ወጣት ልጅ ነው፣ አፉ የሚጣፍጥ። መጀመሪያ ሁሉን የያዘ የሚሉትን፣ ከሰፊ እስከ ሩቅ የሚሄደውን ሌንስ ዘረጋልኝ። እኔ ሲባጎዬን ሰጥቼው አንዱን ጫፍ አፍንጫህ ላይ ያዝ አልኩት። ሌላውን ጫፍ ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ግን ያዘልኝ።

ሻጩን በሃምሳ ሚሊሜትሩ ሌንስ አየሁት። ከነደረቱ ከነጠረጴዛው ገባ፤ ፊቱን ለመሙላት መጠጋት አለብኝ፣ ስጠጋ ደግሞ የጌቱ ሥራ ይመጣል። ትዝ አለኝ አባዬ፤ ልጅ ሳለሁ አንድ ዓይኔን አስጨፍነህ እስትንፋሷ እስኪሰማኝ ወደ እማዬ ፊት ያስጠጋኸኝ። አፍንጫዋ ገዝፎ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ ጎትተህ በሩ ጋ አቆምከኝና አሁንስ አልከኝ። አፍንጫዋ ቦታው ገባ፣ ጆሮዎቿ ተመለሱ። እማዬ ምን ትቀልዳላችሁ ብላ ፎጣ ወረወረችብን። «ፊትን የሚያበላሸው ሌንሱ አይደለም፣ ቅርበቱ ነው» አልከኝ። «አንቺ ራቂ፤ ሌንሱ ይቅረብልሽ።» እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ በሲባጎው ጫፍ ላይ፣ ድምፅህ ጆሮዬ ስር ነበር።

መቶ ሠላሳ አምስቱን አየሁት። ያምራል፤ ግን በሲባጎው ርቀት ሻጩ ከግንባሩ እስከ አገጩ ብቻ ነው የገባው። ትከሻ ልጨምር ብል መንገዱ ላይ ቆሜ ባጃጅ ሊገጨኝ ነው። ሰማንያ አምስቱ ልክ ነበር። ፊቱም ትከሻውም ያለ ጭንቀት ገቡ፣ ከኋላው ያለው መደርደሪያ ለስልሶ ጠፋ፣ ብርሃን የሚገባበት አፉ ሰፊ ስለሆነ በጨለማ ክረምትም ይሠራል። ልገዛው እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ከዚያ ቀለበቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በቅርብ ልየው ብል ሰማንያ አምስቱ እምቢ አለኝ። ከተወሰነ ርቀት ወዲህ አይጠራም። የደበዘዘ አሮጌ ፎቶ እንዲባዛላቸው የሚያመጡ ሰዎች ነበሩህ፤ እነሱን በምን ላስተናግድ ብዬ ቆምኩ።

ሻጩ ይሄኔ መቶውን አወጣ። ፊትም የሚያነሳ፣ ጉንዳንም የሚያነሳ ነው አለኝ። በሲባጎው ርቀት ከሰማንያ አምስቱ ትንሽ ይጠብባል፤ ግን ትከሻው አልቀረም። ቀለበቴ ላይ ባስጠጋው የወርቁ ጭረት ሁሉ እንደ መንገድ ታየ። ጉድለቱንም አልደበቀኝም፦ አፉ ከሰማንያ አምስቱ ይጠብባል፣ ትኩረቱን እስኪያገኝ ትንሽ ያመነታል። «ደግሞ ለሰው ፊት ጨካኝ ነው» አለኝ፤ «አንድ ሽብሽብ አያልፍም፣ ሴቶች አይወዱትም።» ጨካኝ ከሆነ የኔ ነው አልኩት። ምን እንዳልኩ አልገባውም፤ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ተመልሼ መስኮቱ ላይ ጻፍኩ፦ ለአዛውንቶች፣ በሕይወት ሳላችሁ ጥሩ ፎቶ። ነውር መስሎኝ ነበር። ሰው ግን ያንን ድንኳን አይቶ ነበርና የልባችንን ጻፍሽልን አለኝ። ጡረተኛ መምህራን መጡ፣ ቄሶች መጡ፣ ከገበያ ቅቤ ነጋዴዎቹ ሻሻቸውን አስተካክለው መጡ። ከወንበሩ አስቀምጣቸውና እኔ በሩ ደፍ ላይ እቆማለሁ። ሽብሽባቸውን አላጠፋም፤ ብርሃኑን ከመስኮቱ አለስልሼ አመጣዋለሁ እንጂ። እንዳልከኝ፣ ሰው የሚያዝነው ሽብሽቡ ሲታይ ሳይሆን ሌላ ሰው ሲመስል ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ በማትበልጥ ፊደል፣ እንደ ድሮው «ፎቶ አያሌው» እላለሁ። ጌቱ ከማዶ ሆኖ ሰዎቹ ሲገቡና ሲወጡ ያያል። ሲያይ አየዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት ከማዶ በኩል መጡ። የጌቱን በር እንደሌለ ቆጥረው አለፉና መንገዱን ተሻግረው እኔ ጋ ገቡ። ከዲጋ የመጡት አዴ ብርቂቱ ናቸው፤ የጌቱ እናት። «አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ?»፣ እንዴት ነሽ ልጄ ብለው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ። እማዬም የዲጋ ልጅ ስለሆነች እኔን ሁልጊዜ ልጄ ነው የሚሉኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ድንኳኔ ውስጥ የሚሰቀለውን ፎቶ አንሺኝ» አሉኝ።

ልጅዎ እያለልዎ ወይ አልኳቸው። የተናገርኩት በክፋት ነው፣ ከአንተ አልደብቅም።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ ነው፤ እኔው ወለድኩት» አሉ። «ግን የአያሌው ድንኳን ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጫለሁ። ያንን ፎቶ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን እወደዋለሁ፤ እንደዚያ ግን አልሰቀልም።»

አባዬ፣ በቀሌ በእግሩ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠልኝ። ከአጠገቤ መደርደሪያው ላይ ለቡድን ፎቶ የምጠቀምበት ሰፊ ሌንስ ነበር። እሱን አድርጌ አፍንጫቸው ድረስ ብጠጋ የጌቱ እናት በጌቱ ቋንቋ ተነሱ ማለት ነው። ብድር በምድር። እጄ ሌንሱ ላይ አረፈ፣ ክዳኑንም ከፈትኩት። አሮጊቷ ፊታቸውን አሳምረው፣ አንተ ታስለምዳቸው እንደነበረው አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው ይጠብቁኛል።

ክዳኑን መለስኩት። ጽድቅ ብዬ አይደለም፤ እንዳትሳሳት፣ እንዳትመርቀኝም። መጥፎ ፎቶ ቢሆን ጌቱ ይቀድደዋል፣ ሌላ ያነሳቸዋል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ጥሩ ፎቶ ግን፣ ጥሩ የእናት ፎቶ፣ ማን ይቀድዳል? ቀኑ ሲደርስ፣ እግዜር ያርቀውና፣ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ይሰቅለዋል። ለቀስተኛው ሁሉ ጥጉን ያያል፦ ፎቶ አያሌው። ፎቶ አንሺ ልጅ እያላቸው። ስለዚህ መቶውን አስገባሁና በሩ ደፍ ላይ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ሰው አንስቼ አላውቅም።

መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ሰንብቶ ፎቶው ታጥቦ ደረሰና ሊወስዱ መጡ። እንግዲህ ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ መነጽር የላቸውም፣ ፍሬሙን ራቅ አድርገው ያዙት። «ኩን አና» አሉ። ይህች እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። እትዬ ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ያንተን ፊት አጥታ የጠየቀችው ጥያቄ በጆሮዬ ነበርና ዞር ብዬ መጋረጃውን ያስተካከልኩ መሰልኩ።

ዋጋ አልቀበልም አልኳቸው። እሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ከመሀረብ የተጠቀለለ ትንሽ ፎቶ እጄ ላይ አኖሩ። «ገለቶሚ» አሉኝ፤ ስላነሳሽኝ ተመስገኚ። መሀረቡን ገለጥኩት።

አንተ ነህ። እዚሁ መስኮት አጠገብ፣ በዚያ ግራጫ ሹራብህ፣ ጸጉርህ ገና ሳይሸብት። ፊትህ ልክ ነው። አፍንጫህ ቦታው ላይ ነው። ሰው አንድ ነገር ተሳክቶለት ስታየው የምታደርጋትን፣ በአንድ በኩል ብቻ የምትጀምር ሳቅህን እየሳቅክ ነው።

ጌቱ ነው ያነሳህ፤ አዴ ብርቂቱ ነገሩኝ። አንተ ጋ ሲማር፣ በሰማንያ አምስቱ ራቅ ብለህ አንሳኝ ብለኸው፣ ጋሼ ያመሰገነው የመጀመሪያ ሥራዬ ነው ብሎ ለእናቱ የሰጣቸው። ዲጋ ቤታቸው መስታወት ጥግ ላይ ተሰክቶ ኖሯል። ያረፍክ ዕለት አዴ ብርቂቱ ነቅለው ይዘውለት መጥተዋል፤ ይሄን ስቀልለት ብለው። እሱ አይቶት፣ ትንሽ ነው፣ አይሰፋም ብሎ መልሶላቸዋል። ትንሽ መሆኑስ እውነት ነው። ጥጉ ላይ ግን ያኔ የምትመታት ያቺ ደቃቅ ጽሑፍ አለች፦ ፎቶ አያሌው። እሷን ይዞ «ጌቱ ዲጂታል»ን ከነስልኩ የት ያስገባል?

አዴ ብርቂቱ ከሄዱ በኋላ በሩን ዘጋሁና ፎቶህን ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩት። መቶውን ወደ ታች አዙሬ አስጠጋሁት። ሰማንያ አምስቱን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ እቀር ነበር። ትኩረቱ እንደተባለው አመነታ፣ ወጣ ገባ አለ፣ ከዚያ ያዘ። ጨካኙ ሌንስ አንድ ነገር አላለፈም፤ ጺምህን ስትላጭ የቆረጥካትን አገጭህ ላይ አየሁ። አንተን በሕይወትህ ያን ያህል ቀርቤ አይቼህ አላውቅም። ከዚያ ዓይንህን አየሁት። መስኮቱ ዓይንህ ውስጥ ይታያል፤ መስኮቱ ፊት አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። እሱ ነው። ካሜራ ይዞ የቆመ ጌቱ።

እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ፎቶ ላይ እሱን የምታይበት ዓይን ከጌቱ ይልቅ በአንተ አናደደኝ። እንደዚያ አድርገህ እኔን አይተኸኝ ታውቃለህ? ምናልባት አይተኸኛል፤ ያነሳ ሰው ስላልነበረ አላውቀውም። ያቺን ነጥብ በኮምፒውተር ለማጥፋት የአንድ ጣት ሥራ ነበር። ጣቴን አስጠግቼ ቆየሁ። ከዚያ ተውኩት፤ ዓይን ውስጥ እጅ የገባበት ፎቶ ይሞታል ትል ነበርና አንተን ሁለተኛ አልገድልህም ብዬ። ጌቱ ዓይንህ ውስጥ ቀርቷል። የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን።

የሐውልትህ ቦታ በዚያ ፎቶ ተሞላ። ትልቁን ደግሞ ለትናንት አዘጋጀሁት፣ ልክ ጌቱ ባመጣው ፍሬም መጠን። እንዲያውም ፍሬሙ ራሱ ነው፤ የሱን አውጥቼ አንተን አስገባሁህ።

ትናንት ፍትሐቱ አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲገባ ጌቱም ከእናቱ ጋር መጣ። አለመምጣት አይችልም፣ አንተ እንዳሳደግከው ይታወቃል፤ ጥሪውንም እኔ ራሴ በእጄ ነው የሰጠሁት። ፎቶው ገና ነጭ ጨርቅ እንደለበሰ ነበር። እትዬ ሙሉ ከቢላ ስትደርስ ገለጥኩላት። ፈርታ ነበር መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ነው የተጠጋችው። ከዚያ ፍሬሙን በሁለት እጇ አነሳችው። «አያልዬ» አለች፣ «ወንድም ዓለም፣ መጣህልኝ።» አምና ጉሮሮዋ ላይ የቀረው ለቅሶ በሙሉ ወጣ። ሴቶቹ ተከተሉ፣ ወንዶቹ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፣ እማዬ ፎቶውን በእጇ እየዳበሰች ሹራቡን እኔ ነኝ የሠራሁለት ትላለች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው እያለቀሰ ፊትህን ለየው። እኔ አላለቀስኩም፤ ጌቱን እያየሁ ነበር።

ምግብ ቀርቦ ሰው ሲረጋጋ እትዬ ሙሉ ዓይኗን እየጠረገች ቀና አለች። «ኧረ ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያነሳው? እጁ ይባረክ» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ። ሽማግሌዎቹም እውነትም ማነው ተባባሉ።

ጌቱ የጎረሰውን ማላመጥ ተወ። አፉን ሲከፍት አየሁት። በዕድሜው ካነሳው ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ከፊቱ ተሰቅሏል፣ ሰው ሁሉ እጁን እየመረቀ ነው፣ የኔ ነው ማለት አይችልም። የኔ ነው ካለ፣ ታዲያ አምና የት ነበር ይሉታል። እናቱ ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ምግቡ መለሱ። እኔ ጠበቅኩት። ለመናገር በቂ ጊዜ ሰጠሁት፣ እግዜር ምስክሬ ነው። አፉን ዘጋ።

«የፎቶ አያሌው ሥራ ነው» አልኳት እትዬ ሙሉን።

ሰው ሲበታተን ጌቱ ወደ ኋላ ቀረ። ከፎቶው ፊት ብዙ ቆመ፣ በጣም ተጠግቶ። ዓይንህ ውስጥ ያለችውን ነጥብ እንዳያት አውቃለሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ሰናይት፣ ያ ፎቶ...» ብሎ ጀመረ። ምን ፎቶ አልኩት። የቀረውን ዋጠው። እግዜር ያጽናሽ ብሎኝ ወጣ፣ እናቱን እጃቸውን ይዞ። ዛሬ ይኸው አልከፈተም። የእጁን አገኘ። ደስ ብሎኛል፤ ለአንተ የማልዋሽህ ነገር ይሄ ነው። ደስታው እንዳሰብኩት ጣፋጭ አይደለም፣ ግን ደስታ ነው።

ይቅር በይው እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሳቅህን አይቼ ነው የማውቀው። አንተ ይቅር ብለኸው ሄደሃል፤ ያ ያንተ ፋንታ ነው፣ የኔን ለኔ ተውልኝ።

አልረሳህም አባዬ። ፎቶህ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ መስኮቱ አጠገብ፣ በተነሳህበት ቦታ ይሰቀላል፤ ከማዶ በደንብ ይታያል። በየዓመቱ በዚህ ቀን አውርጄው ድንኳን ውስጥ አኖረዋለሁ። ጌቱንም በየዓመቱ እጠራዋለሁ፣ ጥሪውንም በእጄ እሰጠዋለሁ፤ እትዬ ሙሉም በየዓመቱ ማን አነሳው ትላለች፣ የረሳች እንደሆነ አስታውሳታለሁ። አንድ ዓመት ላይ ከሰው ፊት ተነስቶ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ያኔ በቀብሩም አግኝቼው ነበር ካለ፣ የዚያን ቀን ስሙን ከፎቶው ሥር ራሴ እጽፍለታለሁ። ካንተ ስም አሳንሼ።

ልጅህ
ሰናይት